የ«ኩኩሉ» ጌም የሥራ ማስታወሻ፦ ዳኝነቱ ከስልክ ወደ ሰርቨር እስኪዛወር

ሳምንት 1

ጌሙ ድብብቆሽ ነው። 8 ተጫዋች፦ 1 ፈላጊ፣ 7 ተደባቂ። ፈላጊው ዋርካው ሥር ዐይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፣ ተደብቆ ያልጨረሰ «አልነጋም!» ይመልሳል። ሲነጋ ፍለጋው ይጀመራል። የታየ ይወጣል፤ ሳይታይ ሮጦ ዋርካውን የነካ ይድናል። ካርታውን የሠራሁት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ሁለት ቀን ስዞር ባነሳኋቸው ፎቶዎች ነው፦ ትልልቆቹ ዛፎች፣ ዳር ላይ የተገለበጡት ጀልባዎች፣ ጉሬዛ የሚመላለስበት አጥር። ስፋቱ 64 በ64 ካሬ።

ዕቃ፦ 8 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ የኔ ስልክ፣ የእህቴ ልጅ ስልክ። ክላይንቱን (ስልኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) በጎዶት 4 የጌም መሥሪያ፣ ሰርቨሩን (ስልኮቹን ሁሉ የሚያገናኘውን ማዕከል) በጎ የፕሮግራም ቋንቋ። እስካሁን ምንም ገንዘብ አላወጣሁም።

መጀመሪያ ሰርቨር የሚባል ነገር ላለመግዛት አንዱ ስልክ ሆስት (ሌሎቹ የሚገናኙበት አስተናጋጅ) እንዲሆን ሞከርኩ። በቤት ዋይፋይ ሠራ፣ በሞባይል ዳታ ግን ሁለቱ ስልኮች ሊገናኙ አልቻሉም። የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ጀርባ ስለሚያስቀምጥ ከውጭ በቀጥታ ወደ አንድ ስልክ መግባት አይቻልም። በዚያ ላይ ሆስት የሆነው ልጅ ራሱ ዳኛ ራሱ ተጫዋች ይሆናል። ተውኩት።

አሁን ያለው ዲዛይን፦ እያንዳንዱ ስልክ የራሱን ቦታ ራሱ ያሰላል፣ በሰከንድ 20 ጊዜ «እዚህ ነኝ» ብሎ ይልካል፣ ሰርቨሩ ተቀብሎ ለሌሎቹ ያድላል። በሁለት ቀን አለቀ። ስልኩ ላይ ስጫወተው ለስላሳ ነው፣ ደስ አለኝ።

ሳምንት 2

አቶቴ አካባቢ ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቱን አነጋግሬ ቅዳሜ ከሰዓት ለ2 ሰዓት 300 ብር ከፍዬ ልጆቹን በየስልካቸው አጫወትኩ። ለ14 ልጆች ኤፒኬውን (የጌሙን መጫኛ ፋይል) በብሉቱዝ አደልኩ። ሻይና ቦምቦሊኖ 280 ብር።

የመጀመሪያው ሰዓት ጥሩ ነበር። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በተከታታይ 6 ዙር ዳነ። ልክ ሲነጋ ዋርካው ሥር ነው። ሌሎቹ «አጭበርባሪ!» እያሉ ጮኹበት። ከጨዋታው በኋላ ደረጃው ላይ አጠገቤ አስቀምጬ «እንዴት እንዳደረግኸው አሳየኝ፣ አልቆጣህም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቀላል እኮ ነው» ብሎ ስልኩን አዞረልኝ። ጌምጋርዲያን የሚባለውን አፕ ከፍቷል። ገጸ ባሕሪውን ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ወሰደና አፑን «ዋጋቸው የጨመረ ቁጥሮችን ፈልግ» አለው። ብዙ ሺህ ቁጥር መጣ። ወደ ግራ መለሰውና «የቀነሱትን» አለ። መቶዎች ቀሩ። እንዲህ ወደ ቀኝ ወደ ግራ 7 ጊዜ ያህል አመላልሶ 2 ቁጥር ብቻ ቀረው። አንዱን ነካ፣ 32 ብሎ ጻፈበት፣ ገጸ ባሕሪው ከጀልባዎቹ ጀርባ ጠፍቶ ዋርካው ሥር ቆመ። ጠቅላላው ከ2 ደቂቃ በታች ነው የፈጀበት።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የኔ ሰርቨር «የት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የተነገረውን ያምናል። ልጁም የፈለገውን መልስ ሰጠው።

ሳምንት 3 እና 4

እነዚህን ሁለት ሳምንታት በከንቱ አጥፍቻቸዋለሁ፤ ሌላው እንዳይደግመው ነው የምጽፈው።

የሄድኩበት መንገድ ስልኩን መቆለፍ ነበር። በመጀመሪያ ቦታውን ሜሞሪ ውስጥ በየቲኩ (በእያንዳንዱ የጌሙ የስሌት እርምጃ) በሚቀያየር ቁልፍ ኤክስኦር አድርጌ (ቁጥሩን ከቁልፉ ጋር አቀላቅዬ) ደበቅኩት፣ ፍለጋው ላይ እንዳይገኝ። ቀጥዬ ሩት የተደረገ (የሲስተሙ ሙሉ ፈቃድ የተከፈተ) ስልክ ከሆነ ጌሙ እንዳይከፈት አደረግኩ። ሦስተኛ፣ ጌምጋርዲያን ስልኩ ላይ ካለ እንዲዘጋ።

ቅዳሜ እንደገና ሞከርን። ከ14ቱ 3 ልጆች ጌሙ አልከፈትላቸው አለ። ሦስቱም ያገለገለ ስልክ የገዙ ናቸው፤ ሻጩ ወይም ጠጋኙ አስቀድሞ ሩት አድርጎታል፣ ልጆቹ ሩት ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ጌሙን ሌላ አፕ ውስጥ በሚፈጠር ምናባዊ ስልክ ላይ ጭኖ ገባ። ምርመራዬ ያየው ንጹሕ ስልክ ነው። የኤክስኦሩንም ጉዳይ አልደከመበትም፤ ቦታውን ትቶ የፍጥነቱን ቁጥር ፈለገ፣ እሱን አልደበቅኩትም ነበርና።

አንዷ ከሦስቱ፣ ሰባተኛ ክፍል ትመስለኛለች፣ ስልኳን ይዛ እስከ መጨረሻው ቆማ ስታይ ነበር። ምንም ያላደረገች ልጅ ከልክዬ ያጭበረበረውን አስገባሁ። ማታ ሦስቱንም መከላከያ ከኮዱ አወጣሁ።

ስልኩ የልጁ ነው። ሜሞሪው፣ ሰዓቱ፣ ፋይሎቹ በእጁ ናቸው። እሱ እጅ ላይ ያለውን ኮድ ማዘግየት ይቻላል፣ ዳኛ ማድረግ ግን አይቻልም።

ሳምንት 5

እንደገና ከመሠረቱ። አሁን ክላይንቱ ቦታውን አይናገርም። የሚልከው የጫነውን ብቻ ነው፦ ከ0 እስከ 8 ያለ የአቅጣጫ ቁጥር (0 መቆም ነው)፣ የአዝራር ምልክት እና ተራ ቁጥር። ሰርቨሩ ራሱ ካርታውን ይዟል፣ ራሱ ያንቀሳቅሳል፣ ግድግዳ ካለ ይከለክላል፣ ውጤቱን ለሁሉም ይልካል። አቅጣጫውን በ8 የወሰንኩት ሆን ብዬ ነው። ቬክተር (የአግድምና የቁመት ፍጥነት በቁጥር) ብቀበል አንዱ በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ ፍጥነት ልኮ ሰያፍ ሲሄድ 41 በመቶ ይፈጥን ነበር።

አንድ ካሬ 1000 አሃድ ነው። ፍጥነት በሰከንድ 4 ካሬ፣ ቲኩ 50 ሚሊሰከንድ፣ ስለዚህ በአንድ ቲክ 200 አሃድ፤ በሰያፍ 141። የካርታው ጠርዝ 64,000 ስለሆነ የአንድ ቦታ አግድም ወይም ቁመት ቁጥር በ2 ባይት ይገባል፣ 2 ባይት እስከ 65,535 ይይዛልና።

ይህ ለዳታ ፍጆታም ጠቅሞኛል። ቀድሞ በጄሰን (መረጃን በጽሑፍ መልክ በሚይዝ ቅርጽ) እልክ በነበረ ጊዜ አንድ ፓኬት (በአንዴ የሚላክ የዳታ እሽግ) 900 ባይት ይደርስ ነበር። በሰከንድ 20 ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ፣ ወደ 10.8 ሜጋባይት። አሁን ለአንድ ተጫዋች 6 ባይት፣ 8 ተጫዋች 48፣ የራሴ ራስጌ (ፓኬቱ ፊት የሚቀመጥ መለያ) 8፣ የአይፒና የዩዲፒ (የኢንተርኔት መላኪያ ሥርዓቶች) ራስጌ 28፤ ድምር 84 ባይት። ለ10 ደቂቃ 1 ሜጋባይት። ልጆቹ ጥቅል የሚገዙት በቀን ነው፣ ልዩነቱ ይሰማቸዋል።

ከዌብሶኬት ወደ ጥሬ ዩዲፒም ተዛወርኩ፤ ዩዲፒ የጠፋ ፓኬት አይጠብቅም። ዌብሶኬት የሚሄደው ቲሲፒ በሚባለው ሌላ የመላኪያ ሥርዓት ነው፤ አንድ ፓኬት ሲጠፋ ከኋላው የመጡት ሁሉ ተሰልፈው እሱን ይጠብቃሉ። ድብብቆሽ ላይ ያለፈ ቦታ ማንም አይፈልገውም፣ አዲሱ ይበልጣል። ለጠፋ ፓኬት ያደረግኩት መላ፦ ክላይንቱ በእያንዳንዱ ፓኬት የመጨረሻዎቹን 3 ትእዛዞች ደግሞ ይልካል።

ሰርቨሩን ፍራንክፈርት ተከራየሁ፣ በወር 6 ዶላር፤ ውጭ ያለች እህቴ በካርዷ ትከፍልልኛለች። ከሐዋሳ ፒንጉ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ) በአማካይ 170 ሚሊሰከንድ ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ መንገዱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በየጣቢያው ይቆያል። የትኛውም ኮድ ይህን አይቀንሰውም።

ውጤት፦ ማጭበርበሩ ቆመ፣ ጌሙም አስጠላ። ጣቴን ስጫን ገጸ ባሕሪው ቆይቶ ነው የሚነሳው። የእህቴ ልጅ ሁለት ዙር ተጫውቶ «ይሄ ደክሞታል» ብሎ መለሰልኝ።

ሳምንት 6

ችግሩ አዲስ አይደለም። ኩዌክ የሚባለው የተኩስ ጌም በ1996 ሲወጣ በቤት ኔትወርክ ጥሩ ነበር፣ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ግን ልክ እንደኔው ይዘገይ ነበር። የጌሙ ፕሮግራመር ጆን ካርማክ በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢንተርኔት ቅጂውን ኩዌክወርልድን ሲያወጣ ክላይንቱ የራሱን ተጫዋች እንቅስቃሴ አስቀድሞ እንዲገምት አደረገ። መርሑ እስከ ዛሬ ያው ነው፦ ስልኩ ሳይጠብቅ ይንቀሳቀሳል፣ ፍርዱ ግን የሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ «እስከ ትእዛዝ 512 ሠርቻለሁ፣ ያለኸው እዚህ ነው» ሲል፣ ስልኩ ወደዚያ ቦታ ይመለስና ከ513 ጀምሮ ያሉትን ትእዛዞች እንደገና ያስኬዳል። ሁለቱ ስሌቶች ከተስማሙ ተጫዋቹ ምንም አያይም።

የኔዎቹ አልተስማሙም። ግድግዳ ታክኮ ሲሄድ ገጸ ባሕሪው እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ይጎተታል። ሦስት ቀን ፈለግኩ። ጎዶት ቬክተሮቹን በ32 ቢት ነው የሚይዘው፣ የጎው ኮዴ በ64 ቢት (ይበልጥ በረቀቀ የአስርዮሽ ቁጥር) ያሰላል፣ ግጭቱን ደግሞ በአንዱ ወገን የኢንጂኑ (የጎዶት) ፊዚክስ፣ በሌላው ወገን የኔ ኮድ ይወስናል። ልዩነቱ ከጠጠር ያነሰ ነው፣ ግን ማዕዘን ላይ አንዱ «አለፈ» ሌላው «ቆመ» ይላል።

የኢንጂኑን ፊዚክስ ለእንቅስቃሴ መጠቀም አቆምኩ። በሁለቱም በኩል ሙሉ ቁጥር ብቻ፣ አንድ ዓይነት 30 መስመር ኮድ። 40 የሙከራ መንገዶች ጽፌ በሁለቱም አስኬድኳቸው፤ 37ቱ እኩል ወጡ፣ 3ቱ አሉታዊ ቁጥር ሲገባባቸው ተለያዩ። አሉታዊ ቁጥር እንዳይኖር ካርታውን ከ0 አስጀመርኩት። ላስቲኩ ጠፋ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ሳይመልስልኝ አመሸ።

ሳምንት 7

በዚህ ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ስለሄደ የሠራሁት ግማሹን ነው። ላፕቶፑ ባትሪው 40 ደቂቃ ነው የሚይዘው።

የ9ኛ ክፍሉን ልጅ አሁን በሳምንት 200 ብር እከፍለዋለሁ፣ ሥራው መስበር ነው። ጌምጋርዲያን ላይ የስልኩን ሰዓት የሚያፈጥን አማራጭ አለ። አፈጠነው፣ ስልኩ በሰከንድ 20 ትእዛዝ መላክ ሲገባው 30 ላከ። ሰርቨሬ የመጣለትን ሁሉ እየፈጸመ 1.5 እጥፍ አስሮጠው። ቦታ አልዋሸም፣ ጊዜ ነው የዋሸው።

መፍትሔው ሒሳብ መያዝ ነው። ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት በየ50 ሚሊሰከንዱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 1 ቶክን (የአንድ ትእዛዝ ፈቃድ) ይሰጣል፣ አንድ ትእዛዝ 1 ቶክን ትበላለች፣ ቶክን የሌለው ትእዛዝ ይጣላል። የሚጠራቀመውን ቶክን መጀመሪያ በ3 ገደብኩት። ስህተት ነበር፦ የሞባይል ኔትወርክ ትንሽ ቆሞ የተጠራቀመውን በአንዴ ይለቃል፣ ጨዋው ልጅ ትእዛዙ እየተጣለበት ተንገጫገጨ። 8 ላይ ተስማማኝ፣ ማለትም 400 ሚሊሰከንድ። አጭበርባሪው ከዚህ የሚያገኘው ቢበዛ አንድ አጭር ግፊት ነው፣ በአማካይ ግን ከማንም አይፈጥንም።

ዳታውን አጥፍቶ የሚያበራስ? ሰርቨሩ አይጠብቀውም። ትእዛዝ ካልመጣ ገጸ ባሕሪው ባለበት ይቆማል፣ ይታያል፣ ይወጣል።

ልጁ ሌላም ቀዳዳ አገኘ፣ ይህኛው አሳፈረኝ። ፓኬቱ ላይ የተጫዋቹ ቁጥር አለ፣ ሰርቨሬም «እኔ 3 ነኝ» ያለውን 3 ነው ብሎ ይቀበላል። ጓደኛውን ከተደበቀበት አውጥቶ ፈላጊው ፊት አቆመው። አሁን ሲገባ በቲኤልኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) በኩል የዘፈቀደ ቁልፍ ይሰጠዋል፣ እያንዳንዱ ፓኬት በዚያ ቁልፍ ይፈረማል፣ ተራ ቁጥሩ የተደገመ ይጣላል።

ሳምንት 8 እና 9

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ድብብቆሽ ላይ ፍጥነት ትንሹ ማጭበርበር ነው፤ ትልቁ ማየት ነው። ልጅ ሳለን ዐይኑን ጨፍኖ በጣቶቹ መሃል የሚያይ ሁልጊዜ ይኖር ነበር። የኔ ሰርቨር ለፈላጊው ስልክ የ7ቱንም ቦታ በየቲኩ ይልካል፣ ስልኩ «ከዛፉ ኋላ ስለሆነ አልስለውም» ይላል። ልጁ ያቺን አንዲት «አልስለውም» የምትለዋን መስመር ከኤፒኬው አውጥቶ መልሶ አሸገው። ጣቶቹን ያሰፋሁለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ፈላጊው ማየት የማይገባውን ስልኩም አያውቀውም። ሰርቨሩ በየቲኩ ከፈላጊው እስከ እያንዳንዱ ተደባቂ ባሉት ካሬዎች ላይ መስመር ያሰምራል፣ ግንድ ወይም ጀልባ ከገጠመው ያ ተጫዋች ከፓኬቱ ይወጣል። 8 ተጫዋች ላይ ለፕሮሰሰሩ ምንም አይደለም። ቫሎራንት የሚባለው የተኩስ ጌም በ2020 ሲወጣ ይህንኑ አሠራር ይዞ ነው የመጣው።

ግን ወዲያው ሌላ ችግር መጣ። ፈላጊው ማዕዘን ሲዞር ተደባቂው ከባዶ ቦታ ብቅ ይላል፣ ቀድሞ የሚታየው ለተደባቂው ነው። የፒንጉ 170፣ የሌሎችን እንቅስቃሴ ለማለስለስ የማዘገየው 100፣ በድምሩ 270 ሚሊሰከንድ። ሁለቱም ወደ ማዕዘኑ ቢሮጡ በሰከንድ 8 ካሬ ይቀራረባሉ፣ በ270 ሚሊሰከንድ 2 ካሬ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ በ2 ካሬ ውስጥ ሊታይ የሚችለውንም ቀድሞ ይልካል። አጭበርባሪው ያችን 2 ካሬ ያገኛል። ለጨዋዎቹ ስል የከፈልኩት ዋጋ ነው፣ አውቄ ነው።

«አየሁህ» የሚለው አዝራርም በዚሁ ሒሳብ ይዳኛል። ፈላጊው ሲጫን ያየው ከ270 ሚሊሰከንድ በፊት የነበረውን ነው። ሰርቨሩ ያለፈውን 1 ሰከንድ በ20 ፍሬም (በየቲኩ በተቀዳ ቅጽበት) ያስቀምጣል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያኔ ታይቶ እንደነበር ያረጋግጣል። ስልኩ «ያየሁት በዚህ ሰዓት ነው» ቢል አልሰማውም፤ ፒንጉን የምለካው ራሴ ነኝ፣ ሆን ብሎ መልሱን ቢያዘገይም ከ6 ፍሬም በላይ አልመለስም። ከዚያ በላይ ብፈቅድ ዛፍ ኋላ ከገባ የቆየ ልጅ «ታይተሃል» ይባላል። በዘገየ መስመር ላይ ያለው ፈላጊ ትንሽ ይጎዳል፤ በትክክል የተደበቀው እንዲጎዳ ግን አልፈልግም።

ሁሉንም ዘጋሁ ብዬ ሳስብ ልጁ ማክሰኞ ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ድምፁን ረስተኸዋል።» ፈላጊው «ኩኩሉ!» ሲል የተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ጌሙን ጌም ያደረገው እሱ ነው። ድምፁ ከግራ ወይም ከቀኝ እንዲመጣ ስልኩ የድምፁን ቦታ ማወቅ አለበት፣ እኔም ትክክለኛውን ቦታ እየላክሁለት ነበር። ልጁ እያንዳንዱን «አልነጋም» ካርታ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጎት ነው የጠበቀኝ።

አሁን የሚላከው ከ8 አቅጣጫ አንዱ እና ከ3 የድምፅ ደረጃ አንዱ ብቻ ነው። ጥሪውም በ20 ሰከንድ አንዴ። ፈላጊው ከሁለት ቦታ ጠርቶ ሁለቱን አቅጣጫ ካገናኘ ይደርስበታል፤ ያ ጥበብ ነው፣ በልጅነታችን ጎበዝ ፈላጊ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። የሚነቀነቀውን ቅጠል፣ የሚነሳውን አቧራም በዚያው ማጣሪያ አሳለፍኩ። ለፈላጊው የሚላከውን እያንዳንዱን መልእክት በወረቀት ዘርዝሬ «ይህ ምን ይነግረዋል?» እያልኩ ነው ያለፍኩት። 11 ዓይነት መልእክት አሉ፣ 4ቱ ያፈሱ ነበር።

ሳምንት 10

ስለ ማገድ። በሙከራው ላይ የማላውቀው ሰው ሰርቨሩን በፓኬት ሲደበድበው አይፒውን አገድኩ። በማግስቱ 5 ልጆች ጌሙ አልገባ አለን ብለው መጡ። ሁሉም በሞባይል ዳታ ከዚያው አይፒ ጀርባ ነበሩ። ሳምንት 1 ላይ ራሴ የጻፍኩትን ረስቼ ማለት ነው። እገዳውን አነሳሁ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አሁን በአይፒ የማደርገው ለጥቂት ሰከንድ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው፣ የገባ ተጫዋች በቁልፉ ይለያል። የማይቻል ትእዛዝ ይጣላል፣ ይመዘገባል፣ ማንም በማሽን ውሳኔ ብቻ አይባረርም። የተመዘገበውን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አየዋለሁ። በዚህ ሳምንት ከተመዘገቡት 9 ሰዎች 7ቱ ኔትወርካቸው የተንገጫገጨ ጨዋ ልጆች ናቸው።

ሳምንት 11

ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ሙሉ ሙከራ፣ 2 ሰዓት፣ 12 ልጆች። ላስቲክ የለም፣ ከባዶ ብቅ ማለት 2 ጊዜ ብቻ። ያቺ የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ በዚያው ስልኳ ገብታ 4 ጊዜ ዳነች።

የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ግን 5 ጊዜ ፈላጊ ሆኖ 5ቱንም ጊዜ ሁሉንም አገኘ። ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) ንጹሕ ነው፣ የተጣለ ትእዛዝ የለም። ተነስቼ ከኋላው ስቆም ገባኝ፦ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ያለውን ልጅ ስልክ በዐይኑ ጥግ እያየ ነበር። ሳቀ፣ እኔም «ተነሳ» ብዬ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ከዚያ በኋላ ከ7ቱ 3 ነው ያገኘው። በስልክ እየተደዋወሉ የሚነጋገሩትንም ሰርቨሩ አያያቸውም። ለአግዳሚው የማደርገው፣ ፈላጊው በየዙሩ በዕጣ ይቀየራል፣ ዕጣውም የሚወጣው ሰርቨሩ ላይ ነው።

የዚህ ሳምንት ወጪ፦ ቤት 300፣ ሻይ 240፣ ለልጁ 200፣ ዳታ 150 ብር።

ለሚቀጥለው፦ ሁለቱ የተገለበጡ ጀልባዎች መካከል ያለው ክፍተት 1 ካሬ ነው፣ ቀድሞ የሚላከው ህዳግ 2 ካሬ ስለሆነ እዚያ የተደበቀ ሁሉ ለስልኩ ይታወቃል። ሐሙስ ሐይቅ ዳር ሄጄ የጀልባዎቹን ቦታ እንደገና ለክቼ ክፍተቱን አሰፋዋለሁ።